ጭሱ ይመለስ ያልኩት እኔ ነኝ

ሲቀላ መናኸሪያ በር ላይ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር በዋጋ እየተጨቃጨቅኩ ሳለ ነው ሽታው የመጣብኝ። ከጨንቻ የወረደ ሚኒባስ ሰው ያራግፋል። አንዲት ሴት አፕል የሞላ ቅርጫት በጀርባዋ አዝላ በአጠገቤ ስታልፍ ከጋቢዋ የቤታችን ጭስ ሸተተኝ። ደገኛ የሆነ ሁሉ ይህን ሽታ ያውቀዋል። የእርጥብ እንጨት፣ የደረቀ ኮባና የቀርከሃ ጭስ አንድ ላይ ሆኖ ልብስ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በስንት ሳሙና የማይለቅ ሽታ ነው። ልጆች ሆነን ወደ ቆላ ስንወርድ የከተማ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ያሾፉብን ነበር። በኋላ ራሴ ከተሜ ስሆን ደግሞ ይህንኑ ሽታ ስናፍቅ ኖሬአለሁ፤ ለክረምት ዕረፍት ቤት ደርሼ ስመለስ ሹራቤን ሳላሳጥብ ሳምንት አስቀምጠው ነበር። አሁን ሲሸተኝ ግን አፍንጫዬን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰችና ሳለች። ደረቅ ነው ሳሉ፤ ከታች ተስቦ ይመጣና መጨረሻው ላይ ትንሽ ያፏጫል። ሹፌሩን ትቼ ዞርኩ። ቀና ስትል ብዙነሽ ሆና አገኘኋት፤ የሟች እህቴ የእትዬ ዘነበች ምራት፣ የልጇ የማርቆስ ሚስት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ደህና ነዎት?" ብላ ትከሻዬን ልትስም ቀረበች።

"ይህ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት ሰላምታውን እንኳ ሳልመልስ።

"ጉንፋን ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመስቀል።"

ጥምቀት ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ከመስቀል እስከ ጥምቀት የሚቆይ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው? እትዬ ዘነበችም ልክ እንዲህ ነበር ያለችኝ፤ ጉንፋን ነው፣ ብርዱ ነው፣ ሲነጋ ይለቀኛል። ቅርጫቱን ከጀርባዋ አውርጄ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጥኩና ሹፌሩን የጠየቀኝን ሁሉ እከፍልሃለሁ፣ ወደ ክሊኒክ ንዳ አልኩት። ብዙነሽ ገበያው እንደሚያመልጣት ልትነግረኝ ሞከረች። አልሰማኋትም። በሰባ ዓመቴ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር "ጉንፋን ነው" የሚል ሰው እንደማይታመን ነው።

ይህ አሁን ባጃጅ የሚተረማመስበት አደባባይ በወጣትነቴ አቧራና የሙዝ ልጣጭ ብቻ ነበር። መምህር ሆኜ መጀመሪያ ስመደብ ለራሴ የገዛሁት ሱሪ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ቤልቦተም ነው፤ አቧራውን እየጠረገ ይከተለኝ ነበር። ጸጉሬ አፍሮ፣ ሚዶዬ ከኋላ ኪሴ ብቅ ያለ፣ የሸሚዜ አንገትጌ እስከ ትከሻዬ የተነጠፈ። ማዕዘኑ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን በረንዳ አውጥቶ የሚሠራ ሰው ነበር፤ አንድ ካሴት ብቻ ስለነበረው አንዱን የፍቅር ዘፈን ቀኑን ሙሉ እያጠነጠነ ሲያጫውት የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቃሉ ያዘው። ሙሉ የሙዝ ዘለላ በስሙኒ፣ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሽልንግ፣ ሲጋራ ደግሞ በፍሬ በአስር ሳንቲም ይገኝ ነበር። ሱቁ በር ላይ በክር የታሰረ ክብሪት ይንጠለጠላል፤ ገዝተህ እዚያው ለኩሰህ፣ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ ትሄዳለህ።

መምህር ሆኖ የማያጨስ ሰው ያኔ ግማሽ መምህር ነበር። የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ በእረፍት ሰዓት ጭሱ ስለሚወፍር ከወዲያኛው ጠረጴዛ የተቀመጠውን ሰው በድምፁ ነበር የምናውቀው። ሰርግ ላይ ሲጋራ በሰሃን ይዞራል፤ ሚዜ ስሆን ሰሃኑን ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። የማያጨሱት ሽማግሌዎች እንኳ አክብሮቱን ላለመመለስ አንድ አንድ አንስተው ጆሯቸው ላይ ይሰኩ ነበር። ስንቱን ሰው እንዳስጀመርኩ አላውቅም፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ያቆምኩት ደግሞ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት አንድ ቀን በእግሬ ስወጣ መሐሉ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የማገዶ ሸክም ያዘለች አሮጊት አልፋኝ ሄዳ፣ ዞር ብላ "አይዞህ ልጄ" አለችኝ። ከዚያች "አይዞህ" በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ወድቄ ተነሥቼ በመጨረሻ ተውኩት። ስለዚህ በቤተሰባችን የሳንባ በሽታ ቢመጣ የሚመጣው ለእኔ ነው ብለን ሁላችንም እናምን ነበር። እትዬ ዘነበች ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም።

ቤታችን ዶርዜ ነው፤ አባታችን ከአያታችን የወረሰው የቀርከሃ ቤት። ከፊት ለፊት ሲያዩት የዝሆን ግንባር ይመስላል፤ ዛሬ እንግዶች ከሩቅ አገር መጥተው ፎቶ የሚያነሡት ዓይነት። መስኮት የለውም። መሐሉ ላይ ሦስት ጉልቻ ተቀምጧል፤ ጭሱ መውጫ ስለሌለው ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ቀርከሃውን ከምስጥ የሚጠብቀው ይህ ጭስ ነው። ያም ሆኖ ምስጥ ከታች መብላቱ አይቀርም፤ የበላው ተቆርጦ ይጣላል፣ ቤቱ ዓመት በዓመት ያጥራል፤ ቦታው ሲከፋም ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ ያዛውረዋል። ጭስ የጠገበ ቤት የአንድ ሰው ዕድሜ ይኖራል፣ ጭስ ያጣ ቤት ቶሎ ይወድቃል እየተባልን ነው ያደግነው። ውሸትም አይደለም። የሚያበሳጨኝ ነገር ይህ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቤቱ ስንት ዓመት እንደሚኖር የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጭሱ ሥር ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትለው፣ ቆጮ የምትጋግረው ሴት ስንት ዓመት እንደምትኖር ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ ግን አንዲት ሴት ጠየቀች። የጤና ረዳት ነበረች፤ ቦት ጫማ አድርጋ በጭቃው በእግሯ የመጣች፣ ድምፀ ቀጭን ሴት። እትዬ ዘነበች ያኔ ባሏ ሞቶባት ማርቆስን ይዛ ወደ አባታችን ቤት ተመልሳ ነበር፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ቀን ከሌት እሳት ዳር ናት። ጤና ረዳቷ ቤቱ ውስጥ ገብታ ትንሽ እንደቆየች እንባዋ ወረደ። እሳቱን ከቤት አውጡት፣ ይህ ጭስ የእናንተንም የሕፃኑንም ሳንባ ይበላል አለቻቸው። እትዬ ሁለት ጊዜ እንዲነገራት አልፈለገችም። በማግስቱ ሦስቱን ጉልቻ ወደ ጓሮ ተሸክማ አውጥታ፣ ከላይ የቀርከሃ ዳስ ጣለችና እዚያ ማብሰል ጀመረች።

እኔ ለክረምት ዕረፍት የደረስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቴፕ ሪከርደሬን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ፣ በቤልቦተሜ ጭቃ እየጠረግሁ ስገባ ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ከበሩ በስተግራ በኩል ምስጥ የአፈር መስመር አውጥቷል። አባቴ በበትሩ እያሳየኝ፣ "የተማረ ይግደለኝ። ኤልያስ ይፍረድ፤ ቤቱም የእሱ ነው" አለ። የበኩር ወንድ ልጅ ስለሆንኩ ቤቱ ወደፊት የእኔ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሲጋራዬን አውጥቼ ለኮስኩ፤ ጭሱን ወደ ላይ ለቅቄ ንግግር አደረግሁ። ስለ ቅርስ ተናገርኩ፤ ስለ አባቶች ጥበብ፣ የከተማ ሰው የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ምን እንዳጣ ተናገርኩ። ደስ የሚል ንግግር ነበር፤ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። መጨረሻ ላይ "ጭሱ ይመለስ" አልኩ። ሲጋራው ሳያልቅ ነገሩ አለቀ።

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። "አንተ እኮ እዚህ አትቀመጥም" አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷ ማርቆስን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ አዘለችና ጉልቻዎቹን አንድ በአንድ መልሳ አስገባች። ጤና ረዳቷ ተመልሳ መጥታ እንደሆነ አላውቅም። ብትመጣስ ማን ይሰማታል? መምህሩ ፈርዷል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳሏ ሲጀምር እሷም እኛም አልቸኮልንም። ሽሮፕ ገዝቼ ላክሁላት፤ ማርቆስ ጠበል አመጣላት፤ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርትና ማር መከረ። ከብዙ ወራት በኋላ ሐኪም ቤት ወስደናት አክታዋ ተመረመረ። ቲቢ የለባትም ሲባል ደስ አለንና እጣን አጫጭሰን፣ ይቅርታ፣ እግዚአብሔርን አመስግነን ወደ ቤት መለስናት። ጭስ ወዳለበት ቤት ማለቴ ነው። ሐኪሙ ሳሉ ካልተዋት ተመልሳ ትምጣ ብሎን ነበር። ሳሉ አልተዋትም፤ እኛ ግን "ቲቢ የለም" የምትለዋን ቃል ይዘን ስድስት ወር ተኛን። ሥጋዋ እያለቀ፣ ድምጿ እየሻከረ፣ ትከሻዋን እያመማት መጣ። እኛ እርጅና አልነው። ምራቋ ላይ ደም ስታይ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ደበቀችን።

ራጅ ተነሥታ፣ ወደ ትልቅ ከተማ ተልካ ሌላ ምርመራ ተደርጎላት፣ ውጤቱን የነገረን ወጣት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቃት "እማማ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?" ብሎ ነው። እትዬ ሳቀች፤ በዚያ ሁሉ ሕመሟ ሳቀች። በጣቷ እኔን አሳየችና "ያጨስ የነበረው እሱ ነው" አለችው። ሐኪሙ አልሳቀም። ማብሰያው የት እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ የሳንባ ካንሰር እንደሆነ፣ ከሳንባዋ አልፎ እንደሄደ፣ አሁን ማድረግ የሚቻለው ሕመሟን ማቅለል ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። ሲጋራ ዋናው ነው አለ፤ የሚያጨስ ሰው አጠገብ ተቀምጦ መዋልም ያመጣል፤ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ዕድሜ ልክ የእንጨት ጭስ መሳብም ያመጣል። "ቀድማ ብትመጣ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ውሻው እኔ ነኝ።

የመጨረሻ ሳምንታቷን ሴቻ እኔ ቤት ነበረች። ከበረንዳው ሐይቁ ይታያል፤ ወንበር ላይ ደግፌ አስቀምጣታለሁ፣ ብዙ አናወራም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት "ያን ጊዜ ሦስት ሳምንት ዓይኔ አላነባም ነበር" አለች። የቱን ጊዜ እንደምትል ወዲያው ገባኝ። አልወቀሰችኝም። ደስ ያላትን ጊዜ ነው የምታወራው፤ ጓሮው ንፋስ ነበረው አለች፣ እያበሰልኩ መንገዱን አይ ነበር፣ የሚያልፈውን ሰው ሰላም እል ነበር። ከሰባ ዓመት ሦስት ሳምንት። ይቅር በይኝ ለማለት አፌን ስከፍት ሳሉ ያዛትና ጀርባዋን መደገፍ ነበረብኝ፤ ከዚያ በኋላ ሳልለው ቀረ።

ልቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረው ጋያ ያጨሳሉ፤ ጋያ ከቅል የሚሠራ፣ ውሃ የሚገባበት የእኛ አገር ማጨሻ ነው። ቅሉ ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ጭሱ ድንኳኑን ሞልቶታል። አንደኛው ከአፉ ነቅሎ "ሟቿ ታጨስ ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። አታጨስም ነበር አልኩት። ራሱን በመገረም ነቀነቀና ጋያውን ለጎረቤቱ አቀበለ። ደግሞ ሌላው "ውሃ ስላለው ጋያ አይጎዳም፤ ውሃው ያጥበዋል" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ ይመስለኛል። ተነሥቼ ወጣሁ። ሐዘኑ ከበደው አሉኝ። ንዴት ነበር።

እንግዲህ ብዙነሽን ባጃጅ ውስጥ ያስገባሁት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ክሊኒኩ ወረፋው ረጅም ነበር። "ጋሼ፣ አፕሉን ፀሐይ ይመታዋል" አለችኝ። "ይምታው" አልኳት። ራጅ ተነሣች። እስኪደርስ ድረስ ከቅርጫቷ አንድ አፕል አውጥታ በጋቢዋ ጠርጋ ሰጠችኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሐኪሟ ፊልሙን በብርሃን ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ለአሁኑ የሚያሰጋ ነገር አይታይም አለች፤ ጥቂት ምርመራዎች ጨምራ የሳንባዋ ቧንቧዎች በጭስ ተቆጥተዋል አለች። መድኃኒት ጻፈች። ቀጥላም "ጭሱ ካልቀረ ግን መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አይሠራም" አለች። ብዙነሽ መሬት መሬት አየች። ቤቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

በማግስቱ አብረን ወደ ዶርዜ ወጣን። ማርቆስ ከቤቱ ፊት ለፊት ሸማ ይሠራ ነበር፤ እኔን ሲያይ መወርወሪያውን አስቀምጦ ተነሣ። የመጣሁበትን ነገርኩት።

"ጋሼ፣ ቤቱ እኮ በምስጥ ያልቃል።"

"አውቃለሁ።"

"እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ መምህሩ ፈረደ እያሉ።"

"ፍርዴ ስህተት ነበር።"

"እንግዶቹ የሚመጡት ይህን ቤት ብለው ነው። የቆርቆሮ ቤት ማን ያያል?"

"እንግዶቹ እናትህንም አይተዋታል" አልኩት። "ጭሱ ውስጥ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እያነባ ፎቶ አንሥተዋታል። በጣም ያምራል ብለው ሄዱ።"

ማርቆስ ተመልሶ ሽመናው ላይ ተቀመጠ፤ መወርወሪያውን ያዘ፣ አልወረወረውም። እኔም ከዚህ በላይ ንግግር አልፈለግሁም፤ በንግግር ነው እዚህ የደረስነው። ገባሁ። ዓይኔ እስኪለምድ ቆምኩ፤ ከዚያ እንጨቶቹን ጎትቼ አወጣሁና ፍሙ ላይ ውሃ ደፋሁ። አመዱ ፊቴ ላይ ተነሣ። ጉልቻው ስለሚያቃጥል በእርጥብ ኮባ ጠቅልዬ አንዱን አነሣሁ። እናቴና እህቴ ጀርባ ላይ ልጅ አዝለው የሚያነሡት ድንጋይ ነው፤ እኔ በር ላይ ስደርስ አሳርፌ እንደገና አነሣሁት። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። ስለ ወጡ ማን ጠየቀ?

ብዙነሽ ሁለተኛውን ተሸክማ ተከተለችኝ። ሦስተኛውን ልታመጣ ተመልሳ ገባች፤ በሩ ላይ ድንጋዩን ታቅፋ ስትወጣ ያ ሳል ያዛት። ማርቆስ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ መወርወሪያውን አስቀመጠ፤ ሄዶ ድንጋዩን ከእጇ ተቀበላትና ጓሮ ወስዶ አስቀመጠው። እኔን አላየኝም።

ስመለስ መንገዱ ላይ ቆሜ ወደ ኋላ አየሁ። ሰዓቱ እራት የሚሠራበት ነው፤ ከየቤቱ ክዳን ጭስ እየሰረገ ይወጣል፣ መንደሩ በሙሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ብዙዎቹም ሕፃን አዝለዋል። ያወጣሁት የአንድ ቤት እሳት ነው፤ እሱንም ሰው ከቀበርኩ በኋላ። ለስንቱ ደጅ ቆሜ ልናገር? ሰሚስ አለ? ታች ሲቀላ ደግሞ የትናንት ተማሪዎቼ ልጆች በእኔ ጊዜ እንደነበረው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያጨሳሉ። አንዱን ብቆጣው "እርስዎም አጭሰው ሰባ ደርሰዋል" አለኝ። እትዬ ዘነበችን አያውቃት፤ ምን ልበለው?

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ከያዘ በኋላ ማርቆስ ደወለ። ሰላምታው አጭር ነበር።

"ጋሼ፣ ምስጡ ጀመረ። ከበሩ በስተግራ፤ እስከ ጉልበቴ ወጥቷል።"

ቦታውን አውቀዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ አመመኝ። አያቴ ሠርቶት፣ አባቴ ሁለት ጊዜ በጎረቤት ትከሻ ያዛወረው ቤት ነው፤ የእኔ ስለሆነ በእኔ እጅ ሊያልቅ ነው። ማርቆስ በስልኩ ውስጥ ፍርድ ይጠብቃል፣ ልክ እንደ ሽማግሌዎቹ።

"ብዙነሽ ትስላለች?" አልኩት።

"አትስልም" አለ። "ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት።"

"እንግዲያው ይብላው።"